የምንጠጣው ውኃ ስንት ኪሎዋት ነው?

ከነባር የመጠጥ ውኃ ግድቦች አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ማመንጨት፤ ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ አንጻር

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት ከአንድ ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ በቧንቧ ስላለ ግፊት ሳስረዳ፣ ቤተ ሰቦቹ በመተማ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ልጅ እጁን አነሣና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ እኛ ዘንድ መብራት በጠፋ ቁጥር ውኃውም አብሮ ይጠፋል፤ ፓምፑ በመብራት ነውና። ታዲያ ለመጠጥ ተብሎ የተገደበ ውኃ ባለበት ቦታ፣ ውኃው ራሱ መብራቱን ለምን አያመነጭም?»

በዕለቱ የሰጠሁት መልስ «ይቻላል፤ ነገር ግን መጠኑ አነስተኛ ነው» የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ይሁን እንጂ ጎደሎ ነበር። ምን ያህል አነስተኛ? አነስተኛስ ከሆነ ለምን ይጠቅማል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ውኃውና መብራቱ በተጋጩ ጊዜ ማን ይቅደም? ዛሬ ላብራራ የምሞክረው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር፤ ከመጠጥ ውኃ ግድብ የሚገኝ ኃይል የውኃው አገልጋይ ሲሆን ይጠቅማል፤ ጌታ ሊሆን ሲሞክር ግን ይጎዳል። ይህ ነገር ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በቆላው ጎልቶ ይታያል።

የቦታው ጠባይ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የወረደ ሰው የምለውን በዓይኑ አይቶታል። አይከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ቀን ጉዞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እንወርዳለን ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ቁልቁለት በመንገዱ ሁሉ እኩል የተዘረጋ አይደለም። የቁልቁለቱ ዋና ክፍል በገደላማው አካባቢ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር በአብዛኛው ሜዳ ነው። ለውኃ ኃይል ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ወንዞቹ ብዙ ውኃ በሚይዙበት ቦታ የሚወድቁበት ከፍታ የላቸውም፣ ከፍታ ባለበት ቦታ ደግሞ ገና ትንንሽ ጅረቶች ናቸው።

ሁለተኛው ጠባይ ወቅቱ ነው። ከጣና ሰሜን ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚፈሰውና እዚያ አትባራ የሚባለው ጓንግ፣ በክረምት ሰው የማያሻግር ደራሽ ነው፤ በበጋ ግን በአሸዋ መካከል የሚንፏቀቅ ጅረት ይሆናል። ሽንፋም ሆነ ሌሎቹ የአካባቢው ወንዞች ከዚህ ጠባይ አይርቁም። ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የመተማ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ባለ አየር ጠባይ ከክፍት የውኃ ማጠራቀሚያ ገጽ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ውኃ ይተናል።

አራተኛው ሰው ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሮ ገብቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻና በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ መግባቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የአንድ ፓምፕ መቆም ወይም የአንድ ክሎሪን ጨማሪ መሣሪያ መጥፋት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የተማሪዬንም ጥያቄ ያየሁት በዚህ ዓይን ነው።

አንድ እውነት ደግሞ እንጨምር። ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ የምትሸጥበት 230 ኪሎቮልት መስመር ከባሕር ዳር በጎንደርና በሸኸዲ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚያልፈው በዚሁ ምድር ላይ ነው። ሰዎች «መብራቱ በራሳችን ላይ አልፎ ይሄዳል» ሲሉ እሰማለሁ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ነገር ግን ከከፍተኛ መስመር ለአንድ ቀበሌ ኃይል መቅዳት ማከፋፈያ ጣቢያና የስርጭት መስመር ይጠይቃል። በአቅራቢያ የሚመነጭ ትንሽ ኃይል ትርጉም የሚያገኘውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ስሌቱ

የውኃ ኃይል ስሌት አራት ነገሮችን ማባዛት ብቻ ነው፤ 9.81፣ የውኃው ፍሰት በሜትር ኩብ በሰከንድ፣ የሚወድቅበት ከፍታ በሜትር፣ እና የማሽኑ ቅልጥፍና። ውጤቱ በኪሎዋት ይወጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ግድብ በሐሳባችን እንሥራ። 40 ሺህ ሕዝብ ላላት የቆላ ከተማ ውኃ ይሰጣል፤ ከውኃው ገጽ እስከ ማጣሪያ ጣቢያው ያለው የተጣራ ከፍታ 20 ሜትር ነው። በአገራችን የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ መሠረት፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ያላት ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ልታደርስ ይገባል። ይህም በቀን 2,000 ሜትር ኩብ፣ ወይም በሰከንድ 23 ሊትር ገደማ ነው።

አሁን እናባዛ። 9.81 በ0.023 በ20፤ ቅልጥፍናውን 65 በመቶ ብንወስድ 3 ኪሎዋት እናገኛለን። አልተሳሳትሁም፤ ሦስት ኪሎዋት ነው። 40 ሺህ ሰው የሚጠጣው፣ የሚያበስልበትና የሚታጠብበት ውኃ ሁሉ ተደምሮ የሚሰጠው ኃይል የአንዲት መንደር ወፍጮ ሞተር አይዞርበትም።

ይኸው ውኃ ከተጣራ በኋላ በኮረብታ ላይ ወዳለ ጋን 60 ሜትር ከፍ ይበል ብንል ደግሞ፣ በተመሳሳይ ቅልጥፍና 21 ኪሎዋት ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ «ግድቡ ራሱን በራሱ ያበራል» የሚለው ተስፋ እዚህ ላይ ይሰበራል። በብዙ ቦታ ግድብ የሚሠራው በሸለቆ፣ ከተማ የሚቆረቆረው ግን በከፍታ ነው። ወደ ታች ያወረድነው ውኃ ወደ ላይ የሚወጣውን ሊሸከም አይችልም። ከፍታው እኩል ቢሆን እንኳ፣ በመውረድ 65 በመቶ፣ በመውጣት 65 በመቶ ሲሆን የሚመለስልን ከግማሽ በታች ነው።

የአንድ ግድብ ሦስት ውኃዎች

እስካሁን የቆጠርሁት በቧንቧ ወደ ከተማ የሚሄደውን ብቻ ነው። በአንድ የመጠጥ ውኃ ግድብ ግን ሦስት ዐይነት ውኃ አለ፤ እነዚህን ለይቶ ያልቆጠረ መሐንዲስ ሌላውን ከማሳሳቱ በፊት ራሱን ያሳስታል።

የመጀመሪያው አሁን ያየነው የቧንቧው ውኃ ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊትና ቀን አይቋረጥም። ዋጋውም በዚህ ቋሚነቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከግድቡ በታች ላለው ወንዝ፣ ለከብቱ፣ ለጓሮ አትክልቱና ለሥነ ምኅዳሩ የሚለቀቀው ውኃ ነው። በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ ይለቀቅ ብንል፣ በ20 ሜትር ከፍታ 13 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ከመጀመሪያው ጋር 16 ኪሎዋት ሆነ፤ የፓምፑን ፍላጎት ሦስት አራተኛ ሊሸፍን ነው። ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቆም እንበል። በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ ማለት በቀን 8,640 ሜትር ኩብ ነው፤ ከከተማዋ የዕለት ፍጆታ አራት እጥፍ ይበልጣል። ለታችኛው ወንዝ የሚገባው ከሆነ ይለቀቅ፤ ሲለቀቅም በተርባይን ይለፍ። ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት ተርባይኑ እንዳይቆም ብቻ ብለን ይህን ያህል የመጠጥ ውኃ እናፈስሳለን? የጥያቄው ሁሉ እምብርት ይህ ነው።

ሦስተኛው በክረምት ግድቡ ሞልቶ በማስተንፈሻው የሚያልፈው ትርፍ ውኃ ነው። ይህ ብዙ ነው። ለ90 ቀናት በሰከንድ 1.5 ሜትር ኩብ ቢያልፍና በተርባይን ልንመራው ብንችል፣ ቅልጥፍናውን 70 በመቶ አድርገን 206 ኪሎዋት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ውኃ ለሦስት ወር ብቻ ይመጣል፤ ሲመጣም ደለል፣ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ ነው።

በእነዚህ ላይ አራተኛ፣ ማንም የማይጠቀምበት ውኃ አለ፤ የሚተነው። የማጠራቀሚያው ስፋት 50 ሄክታር ቢሆንና በዓመት 2 ሜትር ቢተን፣ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የከተማችን የዓመት ፍጆታ ግን 730 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። በቆላው ፀሐይ ከከተማው ሕዝብ የበለጠ ትጠጣለች ማለት ነው። እዚህ ላይ የኃይልና የውኃ ፍላጎት በስውር ይጋጫሉ፤ ተርባይን የውኃው ገጽ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ከፍ ያለ ገጽ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ገጽ ብዙ ይተናል።

አማካይ የሚባለው ማታለያ

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ከ15 ዓመታት በፊት በቆላው በአንድ አነስተኛ ግድብ ላይ የቅድመ አዋጪነት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ቦታውንና ሥራውን የሰጠኝን ወገን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የእኔ ነበርና። የዓመቱን ጠቅላላ ፍሰት ወሰድሁ፤ ለዓመቱ ሴኮንዶች አካፈልሁ፤ አማካይ ፍሰት አገኘሁ፤ በከፍታውና በቅልጥፍናው አባዛሁ። ቁጥሮቹ ከዛሬው ምሳሌ ብዙም አይርቁም። በዛሬው ምሳሌ ብንሠራው የክረምቱ ትርፍ ውኃ በዓመት አማካይ ሲታይ በሰከንድ 0.37 ሜትር ኩብ ነው፤ ውጤቱም 50 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። «50 ኪሎዋት» ብዬ ጻፍሁ። ንጹሕ ሠንጠረዥ፣ ያማረ ሥዕል ነበር።

ጽሑፉን ለአካባቢው ሰዎች ሳስረዳ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ልጄ፣ ሚያዝያ ላይስ ይበራል?» አሉኝ። «በሚያዝያ ውኃው ለመጠጥ ስለሚቆጠብ አይበራም» አልሁ። «እንግዲያው የክረምት መብራት ነው በለን» አሉ። በጽሑፌ ውስጥ ያልነበረው ቃል ይህ ነበር። 50 ኪሎዋት ያልሁት በዓመቱ ውስጥ በአንድም ቀን የሚገኝ ኃይል አልነበረም። በክረምት 200 ነው፤ በበጋ 3 ነው። አማካዩ በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል። በዚያ ቁጥር ተመሥርቶ ጄኔሬተር ቢገዛ፣ በክረምት ውኃውን ለመጠቀም ያንሳል፣ በበጋ ደግሞ ባዶውን ይቆማል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ መብራት የለመደ ሰው በበጋ «ትንሽ ልቀቁልን» ማለቱ አይቀርም። ለመጠጥ የተጠራቀመ ውኃ ማለቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ የመጠጥ ውኃ ግድብን ተርባይን በአማካይ ፍሰት አትለኩ። ፍሰቱን ከትልቁ ወደ ትንሹ በቀናት ደርድራችሁ፣ ከ365 ቀናት ውስጥ ቢያንስ በ330ው የሚገኘውን ፈልጉ። ቃል የምትገቡት በእርሱ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሲገኝ ይመረቃል፤ አይታቀድበትም።

ደለል፦ ከአንገረብ እስከ ኻሽም ኤል ጊርባ

የጎንደር ከተማ ሰው የመጠጥ ውኃ ግድብ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው አንገረብ ነው። ስሙ እንዳያሳስት፤ የጎንደሩ አንገረብ ወደ መገጭ፣ ከዚያም ወደ ጣና የሚወርድ ነው። ታላቁ አንገረብ የሚባለው ሌላው ወንዝ ግን ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ በሱዳን ባሕረ ሰላም ተብሎ ከአትባራ ይቀላቀላል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የአንገረብ ግድብ ከታሰበው ይልቅ በፈጠነ ደለል አቅሙን እያጣ በመምጣቱ ከተማዋ በጉድጓድ ውኃም ለመደገፍ ተገድዳለች። በእንዲህ ያለ ግድብ ላይ ተርባይን ለመትከል የሚያስብ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ኪሎዋት?» ሳይሆን «ስንት ዓመት?» መሆን አለበት። የ20 ዓመት ዕድሜ ያለው ማሽን 10 ዓመት በቀረው ማጠራቀሚያ ላይ አይተከልም።

ከድንበሩ ማዶ ያለው ምሳሌ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የጓንግ ውኃ ወርዶ የሚደርስበት የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ በአትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ተጠናቀቀ። ዋና ዓላማው መስኖ ነበር፤ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ ለተነሡት ሰዎች ማስፈሪያ ነው። መጠነኛ ኤሌክትሪክም ጎን ለጎን ያመነጫል። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ማጠራቀሚያ፣ ከእኛ ደጋ በወረደ አፈር ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ደለሉን ለማጠብ በክረምት በሮቹን ከፍቶ ማጠራቀሚያውን ባዶ ማድረግ የተለመደ ሥራ ሆነ። ይህን ልብ በሉ፤ ለተርባይን ብዙ ውኃ የሚገኝበት ጊዜና ደለል መታጠብ ያለበት ጊዜ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው ተፋሰስ የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ 320 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ለገዳሪፍ ከተማ የመጠጥ ውኃም ታስቦበታል። በዚያ መጠን ውኃና መብራት አብረው መኖር ይችላሉ፤ በእኛ መጠን ግን ተራ መያዝ አለባቸው።

የአፈሩ ምንጭ ደጋው ስለሆነ፣ ለቆላው ግድብ የሚበጀው ከማሽኑ በፊት የተፋሰስ ሥራ ነው፤ እርከን፣ የቦረቦር ክትር፣ ከንክኪ የተጠበቀ ተዳፋት። የዕጣን ዛፍ የተመነጠረበት ዳገት የሚልከው ደለል የተርባይኑን ምላጭ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የት ሠርቷል?

«እንግዲያው ተስፋ የለውም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው። «ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» ይባላል። በውኃ መሥመር ውስጥ ቫልቭ ሲጮኽ፣ የግፊት መስበሪያ ጋን ሲያጓራ ስትሰሙ፣ የምትሰሙት የሚባክን ጉልበት ነው። ከከፍታ በሚወርድ ቧንቧ ላይ ግፊቱ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅ በቫልቭ እንገድለዋለን። ያንን ግፊት በቫልቭ ፈንታ በተርባይን ብንሰብረው፣ አንዲት ጠብታ ሳናጣ ኃይል እናገኛለን።

በደቡብ አፍሪካ ይህ ተሠርቷል። በብሉምፎንቴይን ከተማ በብራንድኮፕ ማጠራቀሚያ መግቢያ ላይ 96 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን በውኃ መሥመሩ ላይ ተተክሏል። ኬፕታውንም በውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎቿ መግቢያ ላይ ተርባይኖች አሏት። በሌሶቶ ከካትሴ ግድብ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገረው ውኃ በመንገዱ በሙኤላ ጣቢያ 72 ሜጋዋት ያመነጫል። በሦስቱም የሚሸጠው ወይም የሚታደለው ውኃው ነው፤ ኃይሉ የመንገድ ትርፍ ነው።

በአገራችንም ትንሽ ኃይል እንግዳ አይደለም። የደጋው ገበሬ የውኃ ወፍጮ ያውቃል። በሲዳማ በጎበቾ፣ በኤረርቴና በሀጋራ ሶዲቻ በጥቂት አሥሮች ኪሎዋት የሚለኩ ጣቢያዎች ተሠርተዋል። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአገሪቱ ቀደምት ጣቢያ አባ ሳሙኤል፣ ለብዙ ዓመታት ከቆመ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. በ6.6 ሜጋዋት አቅሙ ዳግም ሥራ ጀምሯል። የቆመ ነገር ሊነሣ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

በምዕራብ ጎንደር ታዲያ የት ይፈለግ? እንደ እኔ አስተያየት በሜዳው ሳይሆን ከጭልጋ በሚወርደው ገደላማ አካባቢ ነው። በዚያ በስበት የሚወርድ የውኃ መሥመር ቢዘረጋ፣ በሰከንድ 23 ሊትር እንኳ በ200 ሜትር ከፍታ 29 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ፍሰቱ ያው ነው፤ ከፍታው ግን ዐሥር እጥፍ ሆነ፤ ኃይሉም ዐሥር እጥፍ ሆነ። በሜዳው ላይ ላሉት ግድቦች ግን ትሑት ግብ ይበቃል።

ትሑቱ ግብና ማሽኑ

ትሑት የምለው ግብ የሚከተለው ነው፤ የማጣሪያ ጣቢያው ፈጽሞ እንዳይጨልም። ሦስት ኪሎዋት ከተማ አያበራም፤ ነገር ግን የክሎሪን መጨመሪያውን፣ የመለኪያ መሣሪያዎቹን፣ የጣቢያውን መብራትና ምናልባትም በአጠገቡ ያለ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ ሌሊትና ቀን ያንቀሳቅሳል። ዋናው መሥመር ሲቋረጥ ያልታከመ ውኃ ወደ ከተማ እንዳይገባ ያደርጋል። በቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ወደ 15 ኪሎዋት የሚጠጋ የፀሐይ ሰሌዳ በቀን የሚሰጠውን ያህል። በቆላው ፀሐይ ርካሽና ብዙ ናትና፣ ለፓምፑ የቀን ሥራ ፀሐይ፣ ለሌሊቱ ቋሚ ሥራ ውኃ ቢሆን፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ባትሪውን ያሳንሳሉ። ፀሐይ ብቻ የሚሻልበት ቦታ ካለም በግልጽ ልንናገር ይገባል፤ የውኃ መሐንዲስ መሆናችን ተርባይን እንድንሸጥ አያስገድደንም።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ለዚህ መጠን ልዩ ተርባይን ማስመጣት አያስፈልግም። ተራ የውኃ ፓምፕ ውኃው በተቃራኒው ሲገባበት እንደ ተርባይን ይሽከረከራል። በገበያ ይገኛል፤ መለዋወጫው አለ፤ የከተማው የፓምፕ ባለሙያ ያውቀዋል። ጉድለቱ ፍሰቱ ሲለዋወጥ ቅልጥፍናው ቶሎ መውረዱ ነው፤ የመጠጥ ውኃ ፍሰት ግን ብዙ ስለማይለዋወጥ ለዚህ ሥራ ይስማማል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ግን ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ በአፈር ግድብ አካል ውስጥ ለተርባይን ብሎ አዲስ ቧንቧ መቅበር ክልክል ነው። ውኃ በቧንቧው ዳር መንገድ አግኝቶ አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ ግድቡን ሊያፈርስ ይችላል። ያለውን የመውጫ ቧንቧ ብቻ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ከተርባይኑ ጎን ሁልጊዜ ማለፊያ ቧንቧና ቫልቭ ይኑር። ማሽኑ ሲበላሽ ውኃው መቆም የለበትም፤ የኤሌክትሪክ ጭነቱ በድንገት ሲቋረጥም ማሽኑ ከልክ በላይ እንዳይፈጥንና የውኃው ምት ቧንቧውን እንዳይፈነዳው ጭነቱን የሚተካ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ተርባይኑ ከማጣሪያው በፊት ይተከል፤ ቅባቱም ለምግብ የተፈቀደ ዐይነት ይሁን።

ማን ይቅደም?

ሕጉ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውኃ ከሌሎች አጠቃቀሞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል። የኤሌክትሪኩን ጎን ደግሞ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ይገዛዋል። ችግሩ ያለው በሕጉ ሳይሆን በቁልፉ ነው፤ የቫልቩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ኃይሉን የሚሸጠው አካል ሌላ፣ ውኃውን የሚያድለው ሌላ ከሆኑ፣ በመጋቢት ሁለቱ ይከራከራሉ። ስለዚህ የምመክረው ተርባይኑ የውኃ አገልግሎቱ ንብረት እንዲሆን፣ ጥቅሙም በሽያጭ ሳይሆን በቀነሰ የመብራትና የናፍጣ ወጪ እንዲቆጠር ነው። የውኃው ገጽ ከተወሰነ ምልክት ሲወርድ ለኃይል ብቻ የሚለቀቅ ውኃ እንደሚዘጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። ምልክቱም በግድቡ ላይ በቀለም ይሰመር፤ ሕዝቡ ያየው ዘንድ።

«ነባር» የሚለውን ቃል የመረጥሁትም በምክንያት ነው። በቆላው አዲስ ማጠራቀሚያ ማለት አዲስ የወባ ትንኝ መራቢያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው የትግራይ ጥናት፣ በአነስተኛ ግድቦች አቅራቢያ ባሉ መንደሮች በሕፃናት ላይ የሚታየው የወባ ሕመም ከራቁት መንደሮች ሰባት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ለመጠጥ ስንል ይህን አደጋ ተጠንቅቀን እንቀበል ይሆናል፤ ለሦስት ኪሎዋት ግን አዲስ ግድብ አይሠራም።

መደምደሚያ

ውድ ተማሪዎች፤ ለጓደኛችሁ ጥያቄ አሁን የተሟላ መልስ ልስጥ። አዎን፣ የመጠጥ ውኃ ግድብ መብራት ይሰጣል። በሜዳው ላይ የሚሰጠው መብራት ማጣሪያ ጣቢያውን እንጂ ከተማውን አያበራም። በገደላማው በኩል ብዙ ሊሰጥ ይችላል። የክረምቱ ትርፍ የክረምት ነው፤ በአማካይ ስም የዓመት አታድርጉት። ደለሉን ሳትለኩ ማሽኑን አትምረጡ። ውኃና መብራት በተጋጩ ጊዜም ውኃ ይቅደም።

ለመመረቂያ ሥራ ርእስ ለምትፈልጉ ሁለት ልጠቁም። በዞኑ ባሉ የውኃ መሥመሮች ላይ ግፊት በቫልቭ ወይም በጋን የሚሰበርባቸውን ቦታዎች እየዞራችሁ ለኩ፤ በየቦታው ያለውን ከፍታና ፍሰት መዝግቡ። የአንድ ወንዝን ፍሰትና ድፍርስነት ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት በየቀኑ ጻፉ። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሜትር፣ ባልዲ፣ የግፊት መለኪያና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ጥናታችሁን ይዛችሁ ወደ ሕዝቡ ስትወርዱ ደግሞ፣ ከፊት ለተቀመጡት ሽማግሌ ጥያቄ መልስ ይኑራችሁ፤ «ሚያዝያ ላይስ ይበራል?» ለዚህ በቁጥር መመለስ የማይችል ጽሑፍ ገና አላለቀም።

 ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።